የአፍላላው ክዳን፦ የወንድና የሴት ቁጠባ በሐረር ቤት ውስጥ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ዘመናትን የምጠቅሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፣ የአውሮፓውያኑን ስጠቅስ ለይቼ እናገራለሁ።

ንግግሬን የምጀምረው በራሴ ስህተት ነው። በመምህርነት ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት፣ ስለ ቤተሰብ ቁጠባ የተዘጋጀ መጠይቅ ይዤ በጀጎል ጠባብ መንገዶች እዞር ነበር። አንድ ቀን በዕድሜ የገፉ እናት በራቸውን ከፍተው አስገቡኝና ነደባው ላይ አስቀመጡኝ። «የቁጠባ ሂሳብ አለዎት?» አልኳቸው። «የለኝም» አሉኝ። «በዚህ ወር ያስቀመጡት ገንዘብ ይኖራል?» «የለም ልጄ፤ ወሩ የሚደርሰውም በስንት ችግር ነው።» በሠንጠረዡ ላይ ዜሮ ጻፍኩ። ከዚያ ቡና ቀረበ፤ ጨዋታም መጣ። በ1967 ዓ.ም. የባለቤታቸው የእርሻ መሬትና ኪራይ ይገኝበት የነበረው ሁለተኛ ቤት በአዋጅ በተወሰዱ ጊዜ፣ ከእናታቸው የወረሱትንና በሠርጋቸው የተሰጣቸውን ወርቅ አንድ በአንድ እያወጡ፣ ልጆቻቸውን ከትምህርት ሳያስወጡ ያን ዘመን እንዴት እንደተሻገሩ አጫወቱኝ። ለመሄድ ስነሣ ወረቀቴን በዓይናቸው አመለከቱና «ታዲያ ይኼንን የት ጻፍከው?» ብለው ጠየቁኝ። የምጽፍበት ቦታ አልነበረም።

የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። ልል የምፈልገው በአጭሩ ይህ ነው፦ በሐረር ቤት ውስጥ ወንዱም ሴቷም ቆጥበዋል፤ የተለያዩት ቁጠባቸውን በሚያኖሩበት ነገር ነው። ወንዱ በአመዛኙ በመሬት፣ በቤት፣ በሱቅና መንግሥት በሚያትመው ገንዘብ ቆጠበ። ሴቷ በጌጥ፣ በስፌትና በማኅበር ቆጠበች። ይህን ልዩነት የፈጠሩት ሕግ፣ የሥራ ክፍፍልና የመንግሥታት መለዋወጥ ናቸው። መዝገቦቻችን ግን የመጀመሪያውን ቁጠባ ብለው ሲመዘግቡ፣ ሁለተኛውን ወይ ጌጥ ወይ ወጪ ብለው አልፈውታል።

ግንቡና መሬቱ

በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ እንዳሳነጹት የሚታወቀው ግንብ ከተማዋን ከገጠሩ ለይቶ ከለላት፤ አምስቱ በሮች ደግሞ መልሰው አገናኟት። የከተማዋ ሰው ኑሮ በሁለት እግር የቆመ ነበር፤ አንዱ እስከ ዘይላና በርበራ ወደቦች የሚደርሰው ንግድ ሲሆን፣ ሌላው ከግንቡ ውጭ ያለው ቡና፣ ጫትና ማሽላ የሚበቅልበት መሬት ነው።

የባልና የሚስትን ሀብት የሚገዛው የሸሪዓ ሕግ ነበር። በዚህ ሕግ መሠረት ጋብቻ የሁለቱን ሀብት አይቀላቅልም፤ ሴት ይዛው የመጣችው የራሷ ነው፤ መህሯም የራሷ ነው። ሴት ልጅ የወንድሟን ድርሻ ግማሽ ትወርሳለች፤ ሚስት ባሏ ልጆች ትቶ ሲሞት ከንብረቱ ስምንተኛውን ታገኛለች። ለማነጻጸር ያህል፣ በእንግሊዝ አገር ያገባች ሴት ንብረቷን በራሷ ስም እንድትይዝና እንድታዝበት የፈቀደው ዋናው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። በመብት ረገድ የሐረር ሴት ከዚያ ቀደም ብላ የንብረት ባለቤት ነበረች ማለት እንችላለን።

ይሁን እንጂ የንብረት ባለቤት መሆንና በንብረት ላይ ማዘዝ አንድ አይደሉም። የእርሻ መሬት ከግንቡ ውጭ ነው፤ ከአራሹ ጋር ውል መግባትን፣ ምርት መከፋፈልን፣ ለዳኛ መቆምን ይጠይቃል። ይህ ሥራ በተለምዶ የባል፣ የወንድም ወይም የልጅ ነበር። ስለዚህ አንዲት ሴት በውርስ መሬት ቢደርሳት እንኳ፣ በእጇ ልትነካውና በራሷ ፈቃድ ልታዝበት የምትችለው ሀብት ከቤቷ ደጃፍ ወዲህ ያለውን ነው። የቁጠባው መንገድ ለሁለት የተከፈለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሳንቲሙና ጌጡ

እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ተቀምጦ ነበር። ስለ ገበያው ሲጽፍ መሐለቅ የምትባለውን ትንሽ የናስ ሳንቲም ይጠቅሳል፤ አሚሩ በከተማዋ ከእርሷ በቀር ሌላ ሳንቲም የሚያዘዋውረውን ሰው አጥብቀው ይቀጡ እንደነበርም ይነግረናል። ገንዘብ ማለት እንግዲህ የገዢው ቃል ነው። ገዢው ሲለወጥ ምን ይሆናል?

ሐረር ለዚህ ጥያቄ ከብዙ ከተሞች የበለጠ መልስ አላት። በ1868 ዓ.ም. ግብፆች ገቡ፤ በ1877 ወጡ። በ1879 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ከተማዋ በምኒልክ ግዛት ሥር ሆነች፤ ማሪያ ቴሬዛ የተባለው የኦስትሪያ ጠገራ ብርም ገበያውን ያዘ። ቀጥሎ የምኒልክ ብር መጣ። በ1898 ሥራ የጀመረው የአቢሲንያ ባንክ ሐረር ላይ ቅርንጫፍ ከፈተ፤ በ1907 ደግሞ የወረቀት ገንዘብ አወጣ። በ1928 ጣሊያን ሊሬውን ይዞ ገባ። ጣሊያን ሲወጣ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ተተካ። በሐምሌ 1937 አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ታወጀ። ደርግ በ1969 ኖቱን ለወጠ። በ2013 እኛ ራሳችን አሮጌውን ኖት ይዘን በባንክ ደጃፍ ተሰልፈናል። በየለውጡ ገንዘብ በእጁ ያለ ሰው ወይ ይመነዝራል፣ ወይ ይከስራል፣ ወይ «ከየት አመጣኸው?» ተብሎ ይጠየቃል።

አሁን ደግሞ ያንኑ ዘመን ከሴቷ በኩል እንመልከተው። ጠገራ ብር ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። በአገራችን ሁሉ እንደተለመደው፣ አንጥረኛ ያንን ሳንቲም አቅልጦ አንባር፣ ድሪና የአንገት ጌጥ ያደርገዋል። በሳንቲሙ ላይ የነበረው የንግሥቲቱ መልክ ይጠፋል፤ ብሩ ግን አይጠፋም። ሚዛን ላይ በወጣ ጊዜ ዋጋው በማንም አዋጅ ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። ዛሬ የምንገበያይበትን ወረቀት «ብር» ብለን የምንጠራው እንኳ የዚያ ዘመን ትዝታ ስለቀረብን ነው። በኋላ ወርቅ የብርን ቦታ ይዟል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው።

በራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ወደሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም የሄደ ሰው፣ የአሚሮቹን መሐለቆችና የሐረር ሴቶችን ጌጦች በአንድ ጣሪያ ሥር ያያል። ጎብኚው የመጀመሪያዎቹን እንደ ገንዘብ፣ ሁለተኛዎቹን እንደ ውበት ያያቸዋል። እኔ ግን ሁለቱም የገንዘብ ታሪክ ናቸው እላለሁ፤ ዕድሜ ያገኘውም ሁለተኛው ነው።

ቤቱ እንደ መዝገብ

ወደ ሐረሪ ቤት የገባችሁ ሁሉ ነደባዎቹን፣ በግድግዳ ውስጥ የተሠሩትን መስኮት መሰል ማስቀመጫዎችና ከላይ እስከ ታች የተደረደሩትን ስፌቶች ታውቃላችሁ። ከእነዚህ መካከል አፍላላ የሚባሉት፣ ሾጣጣ የስፌት ክዳን ያላቸው ዕቃዎች፣ የከበረ ነገር የሚቀመጥባቸው ናቸው። የቤቱ እመቤት ክዳኑን የምታነሣው እንግዳ በሌለበት ነው። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ ደግሞ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት እንደሆነ ይነገራል።

ስፌቱን ስናይ የእጅ ጥበቡን እናደንቃለን፤ ይገባዋልም። ኤልሳቤጥ ዶሮቴያ ሄክት እ.ኤ.አ. በ1992 ስለ ሐረር ስፌት ያሳተሙት ጥናት እያንዳንዱ ዓይነት ስፌት የራሱ ስምና ቦታ እንዳለው ያሳያል። እኔ በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ስፌት የተጠራቀመ ጊዜ ነው። አንዲት ልጅ ከእኩዮቿ ጋር ተቀምጣ መስፋት ስትማር፣ ገበያ የማይከፍላትን ሰዓት ወደማይበላሽና ወደሚሰጥ ነገር ትለውጠዋለች። ያ ስፌት በሠርግ ስጦታ ይሆናል፤ ስጦታውም ተቀባይዋ በተራዋ የምትመልሰው አደራ ይሆናል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሁሉ ማን ከማን ጋር እንደተዛመደ፣ ማን ለማን እንዳለበት የሚያስነብብ መዝገብ ነው፤ ማንበብ ለሚችል።

አፎቻ፣ ዕቁብና መቀነት

ይህ ነገር በማኅበር መልክ ሲደራጅ አፎቻ ይሆናል። ሲድኒ ዋልድሮንና ፒተር ኮየን እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ሥራ አፎቻን በሕዝቡና በአስተዳደሩ መካከል እንዳለ ድልድይ አድርገው ገልጸውታል። ሄክት ደግሞ የሴቶቹን አፎቻ ለብቻው አጥንተው፣ ለሐረሪ ሴቶች ማኅበራዊ አቋም ያለውን ትርጉም አሳይተዋል። የወንዶቹና የሴቶቹ አፎቻ የተለያዩ ናቸው፤ ሁለቱም ግን በሠርግና በለቅሶ ጊዜ ይደርሳሉ።

የምጣኔ ሀብት ሰው ቢጠይቀኝ አፎቻን የምገልጸው እንዲህ ነው፦ አባሏ ዛሬ ለሌላዋ ሠርግና ሐዘን የምታዋጣው ገንዘብ፣ እህልና ጉልበት፣ ነገ በእርሷ ቤት ሠርግ ወይም ሐዘን ሲገባ ተመልሶ ይመጣል። «ብድር በምድር» የምንለው ይህንኑ ነው። ይህ ቁጠባ ደብተር የለውም፤ ሌባ አይሰርቀውም፤ ባል ሊያወጣው አይችልም፤ መንግሥት ሊወርሰው አይችልም። ጉድለቱ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ባለቤቱ ስትፈልግ አውጥታ ሱቅ ልትከፍትበት አትችልም፤ ከተማዋን ለቅቃ ስትሄድም አብሯት አይሄድም።

ይህ የግንቡ ውስጥ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኔ ያደግኩት ከግንቡ ውጭ ነው። የእናቴ ባንክ መቀነቷ ነበር፤ ትልቁ ባንኳ ደግሞ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር የምትጥለው ዕቁብ። አባቴ ደመወዙን ለአስቤዛ ሲሰጣት ከዚያ ላይ ትቆነጥር ነበር፤ የዕቁቡ ዕጣ የሚደርስበትን ቀን እኛ ልጆቹ እናውቃለን፣ አባቴ ግን የሚያውቅ አይመስለኝም። ከገጠር የሚመጡት የኦሮሞ እናቶችም ወተት፣ እንጨትና አትክልት ሸጠው ከሚመለሱበት ገንዘብ ዶሮና ፍየል ይገዛሉ። በፈረስ መጋላና በአወዳይ ጫት የሚሸጡት ሴቶች ደግሞ ብዙ ወንድ ነጋዴ የማይደፍረውን ገንዘብ በየቀኑ ያንቀሳቅሳሉ። ሃይማኖቱና ቋንቋው ይለያያል፤ ሴቷ ራሷ የምታዝበት፣ በትንሽ በትንሹ የሚጠራቀምና በእጅ የሚያዝ ቁጠባ ግን በሁሉም ቤት አለ።

ሁለት ፈተናዎች

የአንድ ቁጠባ ጥራት የሚታወቀው በክፉ ቀን ነው። ሐረር በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ሁለት እንዲህ ያሉ ቀኖችን አይታለች። የመጀመሪያው በ1940 ዓ.ም. ነው። ኩሉብ በመባል ከሚታወቀው የፖለቲካ እንቅስቃሴ በኋላ ብዙ ሐረሪዎች ታሰሩ፤ ብዙዎችም ከተማቸውን ትተው ወደ አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋና ሌላም ስፍራ ተሰደዱ። አባወራው በታሰረበት ቤት ሱቁ ይዘጋል፤ የመሬቱን ገቢ የሚሰበስብ አይኖርም። ምጣዱ ግን መጣድ አለበት።

ሁለተኛው 1967 ነው። በየካቲት የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። እዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛናዊ መሆን አለበት። ያንን መሬት ሲያርስ ለኖረው የኦሮሞ ገበሬ አዋጁ ፍትሕ ነበር፤ ለዘመናት የሌላውን ድርሻ ሲሰፍር የኖረ ሰው ምርቱን የራሱ አድርጓል። እኔ የማነሣው ሌላ ነጥብ ነው። በጀጎል ቤቶች የወንዱ የትውልድ ቁጠባ፣ ማለትም መሬቱና ኪራይ ቤቱ፣ በአምስት ወር ውስጥ ከመዝገብ ተሰረዘ። ያልተሰረዘው ቀድሞውንም በመዝገብ ያልነበረው ነው። ማንም ባለሥልጣን የአፍላላ ክዳን አንሥቶ አልቆጠረም።

እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ምፀት አለ። የሴቲቱ ቁጠባ ለዘመናት ዋጋ ሳይሰጠው የቀረው ስላልታየ ነበር፤ በክፉ ቀን ቤቱን ያዳነውም ስላልታየ ነው።

ማስተካከያ

አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሴትን ማወደስ ነው፤ ድህነቷን ግን ይሸፍናል» ትሉኝ ይሆናል። ትክክል ናችሁ፤ መልሱንም ላድበስብስ አልፈልግም። ሴት በጌጥ የቆጠበችው ጌጥ ከመሬት ስለሚሻል አልነበረም፤ መሬቱ ላይ የማዘዝ ዕድል ስላጣች ነው። አንባር ዋጋውን ይጠብቃል እንጂ አይወልድም። ከዚህም በላይ ጀርባው ላይ ፍርሃት አለ። ፍቺ ወይም ሞት ቢመጣ ይዛው የምትወጣው ሰውነቷ ላይ ያለውን ነው። ቤቱን ለማዳን ጌጧን በሸጠች ቀን ደግሞ የራሷን መድን ለሁሉም አካፈለች ማለት ነው፤ በምላሹ በስሟ የተጻፈ ነገር ያገኘች ግን ጥቂት ናት።

ይህ ጉዳይ የእኛ ብቻ አይደለም። ሲዋን አንደርሰንና ዣን ማሪ ባላን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በናይሮቢ ኪቤራ ሰፈር ያሉ ዕቁቦችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከአባላቱ አብዛኞቹ ሴቶች መሆናቸውን አሳይተዋል። ማብራሪያቸውም ብዙ ባለትዳር ሴቶች ዕቁብ የሚገቡት ገንዘቡን ከባሎቻቸው እጅ ለማራቅ ነው የሚል ነው። የእናቴን ዕቁብ ሳስብ ይህ ማብራሪያ እውነትነት አለው። የአፎቻው ግን ይለያል፤ ጌጡ ሰውነት ላይ በይፋ ይታያል፤ የአፎቻው መዋጮም በሁሉም ፊት ነው። ስለዚህ ከባል መደበቅ ብቻውን ሐረርን አይገልጻትም፤ እዚህ መታየቱ ራሱ ጥበቃ ነው። ጎረቤት ሁሉ የማን እንደሆነ የሚያውቀውን ጌጥ ባል «የእኔ ነው» ሊል ይከብደዋል።

ባንኩና ሕጉ ዛሬ

ሕጉ ተለውጧል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አድርጎ፣ የጋራ ሀብቱንም በእጁ አስቀምጦ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በንብረት ረገድ ለሴቶች እኩል መብት ሰጠ፤ የ1992ቱ የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ባልና ሚስት የጋራ ሀብታቸውን እኩል እንዲያስተዳድሩ ደነገገ። በባንክ በኩል ደግሞ ወለድን በሃይማኖት ምክንያት የሚሸሹ ሰዎች ለረጅም ጊዜ በር ተዘግቶባቸው ከቆዩ በኋላ፣ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወለድ ነፃ አገልግሎትን ፈቀደ፤ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮችም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ሥራ ጀምረዋል።

ይሁንና ክፍተቱ አልተዘጋም። የዓለም ባንክ ስለ እ.ኤ.አ. 2017 ባወጣው መረጃ በኢትዮጵያ ሂሳብ ያላቸው ወንዶች ከመቶ 41፣ ሴቶች ደግሞ ከመቶ 29 ነበሩ። ይህን ቁጥር አልክድም፤ ጥቅምም አለው። ነገር ግን ቁጥሩ የሚነግረን ማን ከባንክ ጋር እንደተገናኘ ነው እንጂ ማን እንደቆጠበ አይደለም። ልዩነቱን ዘንግተን «ሴቶች የቁጠባ ባህል የላቸውም» ብለን ሥልጠና ስናዘጋጅላቸው፣ ቤቱን ሁለት ጊዜ ያዳነችውን ሰው ቁጠባ ልናስተምራት መነሣታችን ነው። ሥልጠና ከምንሰጣት ይልቅ አስቀድመን ብንጠይቃት ይሻላል። ባንኩም እንዲሁ ለብድር መያዣ የሚጠይቀው በአብዛኛው በወንድ ስም ያለውን ቤት ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳታጓድል ዕቁብ የጣለችና አፎቻ ያዋጣች ሴት ታማኝነት ግን በየትኛውም ቅጽ ላይ ቦታ የለውም። ጉዳቱ የእርሷ ብቻ አይደለም፤ የባንኩም ነው።

ለተማሪዎቻችን የምተወው ሥራ ይህ ነው። መጠይቃችሁን ይዛችሁ ስትወጡ «ሂሳብ አለዎት?» ከማለታችሁ በፊት «ክፉ ቀን ቢመጣ መጀመሪያ የሚነኩት ምንዎን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎም «የማን ነው? ከማን አገኙት? ያለማንም ፈቃድ ሊሸጡት ይችላሉ?» በሉ። እነዚህ አራት ጥያቄዎች የቤቱን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በቤቱ ውስጥ ያለውን ሥልጣንም ያሳዩአችኋል። ጊዜው ደግሞ እየሄደ ነው። ጀጎል በ1998 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች፤ ግንቡም ቤቱም በጥናት ተለክቷል። የጌጡን ታሪክ የሚያውቁት፣ ይህ አንባር ለማን ትምህርት፣ ያ ድሪ ለማን መታከሚያ እንደተሸጠ የሚናገሩት እናቶች ግን በየዓመቱ እየተቀነሱ ነው። የተሸጠ ጌጥ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፤ ታሪኩ ያለው በሻጯ አፍ ብቻ ነው።

እኔን ያስተማሩኝ እናት ዛሬ በሕይወት የሉም። ያ ወረቀት ግን አሁንም በመሳቢያዬ ውስጥ አለ። ዜሮውን አልሰረዝኩትም፤ በየዓመቱ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ስጀምር ለተማሪዎቼ አሳያቸዋለሁ፤ ያቺን ጥያቄም እንደገና እጠይቃቸዋለሁ። ዛሬ ለእናንተ ጠይቄያለሁ።